ልጁን ያስከትባል፣ ለራሱ ግን ቀጠሮ የለውም

ጉለሌ ውስጥ በክትባት ክፍላችን በር ላይ የማየው ወጣት ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይዞ ነው የሚመጣው። አንዱ ለ45 ቀን ክትባት የደረሰ ሕፃኑን በፎጣ ጠቅልሎ ከሚስቱ ኋላ ኋላ እያለ ይገባል። አንዷ እናቷን ለደም ግፊት ቀጠሮ አድርሳ ስትመለስ የታናሽ ወንድሟን የክትባት ካርድ ታሳየኛለች። ካርዱ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ እንደ ቤት ካርታ ሣጥን ውስጥ ተጠብቆ የኖረ ነው። ሕፃኑ ሲወጋ አባትየው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ ልጁ አልቅሶ ዝም ሲል እሱም ይረጋጋል። ያኔ እጠይቀዋለሁ፦ «አንተስ? የጉበት ክትባት ወስደህ ታውቃለህ?» መልሱ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። «እኔ? እኔ ምን ሆንኩና ሲስተር!»

ነርስ ነኝ። ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ ፓስተርና አዲሱ ገበያ ባለው ሰፈር ስከትብ ኖሬአለሁ፤ በዘመቻ ጊዜ የክትባት ሣጥን አንግቼ የቀጨኔን ዳገት ወጥቻለሁ። በስብሰባም በሬዲዮም «ወጣቱ ክትባት ይጠላል» ሲባል ስሰማ ያመኛል። እኔ የማውቀው ወጣት እምቢ ብሎ ሳይሆን ማንም ጠይቆት ስለማያውቅ ነው ያልተከተበው። ሲጠየቅ ደግሞ የሚመልሰው ጥያቄ አለው፤ ያንን ጥያቄ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ነገሩን ለመረዳት ዓመታቱን ማየት ይበቃል። አገራችን የሕፃናት መደበኛ ክትባት የጀመረችው በ1972 ዓ.ም. ነው። ያኔ ስድስት በሽታዎችን ለመከላከል ነበር፤ ሳንባ ነቀርሳ፣ ዲፍቴሪያ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ፖሊዮና ኩፍኝ። የጉበት በሽታው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከለው ፔንታቫለንት ሲመጣ አብሮ መጣ። የሳንባ ምች ክትባት በ2004፣ ከባድ ተቅማጥ የሚያስከትለውን ሮታ ቫይረስ የሚከላከለው በ2006 ተጨመረ። የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያው ደግሞ በ2011 ዓ.ም. በየትምህርት ቤቱ ተጀመረ፤ በዓለም ላይ የክትባቱ አቅርቦት አጥሮ ስለነበር የተሰጠው 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች ብቻ ነው።

አሁን በ20ዎቹ አጋማሽ ላይ ያለች አንዲት የቀጨኔ ልጅ እናስብ። የጉበቱ ክትባት ሲመጣ ሕፃንነቷን ጨርሳለች። የማኅፀን በር ካንሰሩ ሲመጣ 14 ዓመቷ አልፏል። በሁለቱ መካከል ወድቃ ቀረች። ወንድሟ ከእሷም ይብሳል፤ እሷ ቢያንስ ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ሁሉ እንዲወስዱት የተዘጋጀው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይጠብቃታል። እሱ ግን ሕፃን ሆኖ ከተከተበ በኋላ ክትባት የሚባል ነገር የሚያገኘው ምስማር ሲወጋው ወይም ቆርቆሮ ሲቆርጠው፣ ቁስሉ ሊሰፋ ሲመጣ ነው። ስለዚህ «እኔ ምን ሆንኩና» የሚለኝ ወጣት አልተሳሳተም፤ ክትባት የልጆችና የነፍሰ ጡሮች ነው ብሎ ያሰበው እኛ የጤና ሰዎች ያሳየነውን አይቶ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ግን ይህ ሁሉ ይገለበጣል፤ በእብድ ውሻ በሽታ ክትባት። ፓስተር ሰፈር ስሙን ያገኘው በ1940ዎቹ እዚሁ ጉለሌ ከተቋቋመው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው፤ ተቋሙ ስሙ እየተቀያየረ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሆኗል። ለብዙ አሥርት ዓመታት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እዚያ ከበግ አንጎል ይዘጋጅ ነበር። በተከታታይ ቀናት ሆድ ላይ የሚወጋ ስለነበር ትልልቆቹ እስከ ዛሬ በፍርሃት ያወሩታል። የአሁኑ ክትባት በሌላ ዘዴ የተሠራ ነው፤ ክንድ ላይ ይሰጣል፣ መርፌውም ጥቂት ነው። ማታ ከሥራ ሲመለስ ውሻ የነከሰው ወጣት ጎህ ሲቀድ መጥቶ በር ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ። ክትባቱ ከየት አገር እንደመጣ አይጠይቀኝም። ሰይጣን አለበት አይለኝም። ቀጠሮ አያዛንፍም። የነከሰውን ውሻ በዓይኑ አይቶታል፤ የጥርሱም ምልክት እግሩ ላይ ነው። ጉበት ውስጥ ተደብቆ 20 እና 30 ዓመት የሚቀመጥ ቫይረስ ግን አይጮኽም፤ ሲጮኽም ጊዜው አልፏል። የወጣቱን አመለካከት የሚወስነው ከምንም በላይ ይህ ይመስለኛል፤ አደጋው ታየው ወይስ አልታየው።

በኮሮና ጊዜም የሆነው ይኸው ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ሲነገር መልእክቱ «አረጋውያንን እንጠብቅ» ነበር፤ ትክክልም ነበር። የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. 2.2 ሚሊዮን ዶዝ አስትራዜኔካ ቦሌ ገባ፤ በሳምንቱ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል መሰጠት ተጀመረ። ቅድሚያው ለጤና ባለሙያዎች፣ ከዚያ ለአረጋውያንና ተጓዳኝ ሕመም ላለባቸው ነበር። ወጣቱ የሰልፉ መጨረሻ ላይ ነው። ተራው ሲደርስ «ያንተ በሽታ አይደለም» ሲባል ከዓመት በላይ ቆይቷል፤ በአንድ ጀንበር ያንተም ነው ቢባል እንዴት ይመን? በዚያ ላይ በቴሌግራም የሚዞረው ነገር አለ። የአውሬው ቁጥር ነው፣ ቺፕ አለበት የሚለው ብዙም አያስቸግረኝም ነበር፤ እያፈረ ነው የሚያነሳው፣ ሁለት ቃል ስንለዋወጥ ራሱ ይተወዋል።

የከበደኝ ስለ ደም መርጋት የሚነሳው ነበር፤ ምክንያቱም ወሬ ብቻ አልነበረም። አስትራዜኔካ እጅግ ጥቂት በሆኑ ሰዎች ላይ፣ ከሚሊዮን ተከታቢዎች መካከል በጣት በሚቆጠሩት ላይ፣ የደም መርጋት አስከትሏል፤ አንዳንድ የአውሮፓ አገሮችም ለወጣቶች መስጠቱን አቁመው ለትልልቆች ብቻ አድርገውት ነበር። ይህን ያነበበ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፊቴ ተቀምጦ ሲጠይቀኝ «ውሸት ነው» ብዬ ላባርረው አልችልም። አዎ፣ እውነት ነው፣ በጣም ጥቂት ነው፣ ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ወይም የእግር እብጠት ካየህ ወዲያው ና እለዋለሁ። በሽታው ራሱ ደም እንደሚያረጋም እነግረዋለሁ። እውነቱን ስነግራቸው ክንዳቸውን የሚገልጡት ይበዛሉ። እውነቱን የሸሸጉበት ወጣት ግን ለሚቀጥለው ክትባት ጭምር አይመለስም፤ ጓደኞቹንም ይዞ ይቀራል።

ወደ ሽሮ ሜዳ ልመለስ፤ ከሁሉ የተማርኩት እዚያ ነው። ከመንገዱ ጀርባ ባሉት ቤቶች ከጋሞ ደጋ የመጡ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ አራት አምስት ሆነው ይሸምናሉ። ከሽመና ዕቃው ሥር ባለው ጉድጓድ እግራቸውን ከትተው፣ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ እያመላለሱ፣ ከንጋት እስከ ማታ። የሚከፈላቸው በጨረሱት ቀሚስና ነጠላ ልክ ነው። በኮሮናው ክትባት ዘመቻ ጊዜ ሣጥኔን ይዤ ስገባ በአክብሮት ወንበር ይለቁልኛል፤ ቡና ካለ ይቀዳልኛል። ከዚያ አንዱ ቀስ ብሎ፦ «ሲስተር፣ ነገ ትኩሳት ቢይዘኝ ጥበቡን ማን ይጨርስልኛል?»

ይህን ጥያቄ ፍርሃት ወይም አለማወቅ የሚለው ሰው በቀን ገቢ ኖሮ አያውቅም። ልጁ ልክ ነው፤ ከክትባት በኋላ አንድ ሁለት ቀን ክንድ ሊያብጥ፣ ትኩሳትና ድካም ሊኖር ይችላል። በወር ደመወዝ ለሚኖር ሰው ያ ቀን እረፍት ነው። ለሸማኔው ግን ቀሚሱ አይወጣም፣ ነጋዴዋ ትቆጣለች፣ ለቤት ኪራዩ የታሰበው ይጎድላል። ለጥምቀት ወይም ለእንቁጣጣሽ ትእዛዝ በሚጎርፍበት ሰሞን ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። እኛ ግን ዘመቻ ስንመድብ የእነሱን የሥራ ወቅት ጠይቀን አናውቅም። እኔ ከእነሱ ጋር ተነጋግሬ ቀኑን ከበዓሉ በኋላ፣ ያውም ቅዳሜ ከሰዓት ሳደርግላቸው፣ እሑድ አርፈው ሰኞ ወደ ሽመናቸው ይመለሳሉ። «ይሄማ ይሆናል» ይላሉ። በአንድ ቤት ትልቁ ልጅ ከተከተበ ሌሎቹ ተከትለውት ይመጣሉ፤ ከየትኛውም ፖስተር ይልቅ የእሱ ክንድ ያሳምናቸዋል።

ሌላው ጥያቄ በዝቅተኛ ድምፅ ነው የሚመጣው፤ አንዳንዴ ሌላው ሁሉ ከክፍሉ እስኪወጣ ይጠበቃል። «ልጅ እንዳልወልድ አያደርገኝም?» የታጨች ልጅ ትጠይቀዋለች፣ ከሠርግ የወጣ ሙሽራ ይጠይቀዋል፤ ስለ ኮሮናም፣ ስለ መንጋጋ ቆልፍም፣ ለታናሽ እህቷ ስለሚሰጠው የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያም። በዚህ ዕድሜ ላለ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ የለም፤ ስለዚህ እኔም በጥድፊያ አልመልሰውም። ክትባት ለሰውነታችን የበሽታውን መልክ የሚያሳይ ነው፤ ቀኖች ሲያልፉ ከሰውነት ተወግዶ የሚቀረው ትዝታው ብቻ ነው፣ ማኅፀንም ዘርም ጋ የሚደርስበት ሥራ የለውም። ከዚህ በላይ የሚያሳምናቸው ግን የራሳቸው እናት ናት። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ለእርጉዝ ሴቶች የሚሰጠው ገና የሚወለደው ሕፃን እንዲተርፍ ነው፤ ከእነዚህ ወጣቶችም ራሳቸው ከተከተቡ እናቶች የተወለዱ አሉ። ድሮ አዲስ የተወለደ ሕፃን በሳምንቱ ጡት መሳብ አቅቶት፣ መንጋጋው ተቆልፎ ይሞት ነበር። በ2009 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ይህን በሽታ ከእናቶችና ከጨቅላ ሕፃናት የጤና ችግርነት ማስወገዷ ተረጋግጦላታል።

ይህ የመካንነት ወሬ የጉለሌ ብቻ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. መጨረሻ በሰሜን ናይጄሪያ፣ በካኖ፣ የፖሊዮ ጠብታ ልጆችን መካን ያደርጋል ተብሎ ክትባቱ ለአንድ ዓመት ያህል ቆመ። ቫይረሱ ከዚያ ተነስቶ ድንበር እያቋረጠ፣ በሱዳን በኩል አድርጎ እኛም ጋ ደረሰ፤ ፖሊዮ ከጠፋባት ዓመታት ያለፏት ኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. እንደገና ሽባ የሆኑ ልጆች አየች። ካኖ ውስጥ የተወራው ወሬ የእኛን ልጅ እግር ያዘ። ይህን ለወጣቶቹ ስነግራቸው ዝም ብለው ያዳምጡኛል፤ ስልካቸው ላይ ከመጣው መልእክት ጋር ያያይዙታል።

ስለ መርፌ ፍርሃትም ልናገር፤ በተለይ ወንዶች ልጆች ይደብቁታል። ጡንቻው የፈረጠመ ጎረምሳ መርፌ ሲያይ ሲገረጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ አያሳፍርም። በተፈጥሮ በዓለም ላይ በፈንጣጣ የተያዘው የመጨረሻው ሰው ይህንኑ ይፈራ ነበር። ጎረቤታችን ሶማሊያ ውስጥ፣ መርካ በምትባል ከተማ፣ አሊ ማው ማሊን የሚባል የ23 ዓመት ወጣት የሆስፒታል ወጥ ሠሪ ነበር። በፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻው ራሱ ሠርቶ ሳለ መርፌው ያምማል ብሎ ሳይከተብ ቀረ። በጥቅምት 1970 ዓ.ም. የታመሙ ሕፃናት የያዘ መኪና መጣ፤ መንገድ ሊያሳይ ተሳፈረ፤ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ። ያዘው። ዳነ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በኋላ ላይ ለፖሊዮ ዘመቻ በፈቃደኝነት ሠራ፤ ክትባት የሚያመነቱ ወላጆችን የሚያሳምነው የራሱን ታሪክ በመንገር ነበር፤ በ2005 ዓ.ም. እስከሞተበት ጊዜ ድረስ።

ከፈንጣጣ ነፃ በመውጣት የእኛ አገር ከእሱ በአንድ ዓመት ብቻ ትቀድማለች። በ1963 ዓ.ም. የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ሲጀመር በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕመምተኞች ተገኝተው ነበር፤ የመጨረሻዋ ሕመምተኛ የተገኘችው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። ያንን ያደረጉት ከታቢዎች አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ፤ በእግርና በበቅሎ ዳገት ወጥተው ቆላ ወርደው። ከዚያም በፊት በደጋው አገራችን ሰዎች በቀላል ፈንጣጣ ከታመመ ሰው ቁስል ፈሳሽ ወስደው የጤነኛውን ቆዳ ጭረው እየቀቡ ይከላከሉት ነበር፤ አደገኛ ዘዴ ነበር፣ ሐሳቡ ግን ያው ነው። ስለዚህ አንዳንድ ልጆች «የፈረንጅ ነገር» ሲሉኝ የአያቶቻቸውን ታሪክ እነግራቸዋለሁ።

ክትባት ወይስ ጸበል ስለሚለው ጥያቄ ብዙ አልልም። እኔም እንጦጦ ወጥቼ እጠመቃለሁ። የንስሐ አባቷን ጠይቃ የምትመጣ ልጅ አለች፤ ሁለቱን አንዱን በአንዱ እንድትተካ ማንም አላዘዛትም፣ ጠይቃ መጥታ ተከትባለች።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጃገረዶች በአንድ መርፌ ብቻ በአገር አቀፍ ዘመቻ ተሰጠ፤ ዕቅዱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ልጃገረዶችን ለመድረስ ነበር። ቀድሞ ሁለት ጊዜ ይሰጥ ነበር፤ አንዱ እንደሚበቃ የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. መካከል አሳውቆ ነው የተቀየረው። በዚያ ሰሞን ታናናሾቻቸውን ያደረሱ ታላላቅ እህቶች «እኛስ?» እያሉ ጠየቁኝ። ይህ ጥያቄ ልቤን ይነካዋል። ክትባት ይጠላል የተባለው ወጣት እኮ ነው እየጠየቀኝ ያለው። የምመልሰው እውነቱን ነው፤ ክትባቱ ቫይረሱ ከመግባቱ በፊት ነው በሙሉ ኃይሉ የሚሠራው፣ የመንግሥቱም መርሐ ግብር ለታናናሾቹ ነው፤ ለእናንተ ያለው መንገድ ምርመራው ነው። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለች ሴት የማኅፀን በሯን በጤና ጣቢያ ትመረመራለች፤ ኤች አይ ቪ በደሟ ያለ ሴት ከዚያ ቀደም ብላ ትጀምራለች። ካንሰር ከመሆኑ በፊት የተገኘ ለውጥ እዚያው በቀላሉ ይታከማል። በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁ ካንሰሮች ይህ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ነው፤ ሲታወቅ ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ነው፤ የጉለሌ ቤተሰቦችን ጠይቋቸው፣ አንዲት አክስት ወይም ጎረቤት ያጡ ብዙ አሉ።

በ20ዎቹ ውስጥ ላለ ወንድም ሴትም አሁን ሊደረግ የሚችለው ትልቁ ነገር ግን የጉበቱ ነው። ሄፓታይተስ ቢ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በጋራ ምላጭና በጥፍር መቁረጫ ይተላለፋል። አዋቂ ሰው ሲያዝ ሰውነቱ አብዛኛውን ጊዜ ያሸንፈዋል። በወሊድ ጊዜ ከእናቱ የተያዘ ሕፃን ግን ከ10ሩ 9ኙ ቫይረሱን ይዞ ያድጋል፤ ጉበቱ ሲጠጥር ወይም ካንሰር ሲሆን የሚታየው በጉልምስናው ነው። ስለዚህ ሳታውቀው ቫይረሱ ያለባት ወጣት ሴት ጉዳይ የራሷ ብቻ አይደለም። ክትባቱ በአዋቂነት ሲወሰድ በብዙ ቦታ ይከፈልበታል፤ ለብዙ ወጣት ይህ ራሱ እንቅፋት ነው፤ ለጤና ሳይንስ ተማሪዎች፣ ለፀጉር አስተካካዮች፣ ለጽዳት ሠራተኞች በነፃ እንዲሆን በየስብሰባው ተናግሬአለሁ፣ አሁንም እናገራለሁ። የክትባት ክፍል በር በሥራ ሰዓት ብቻ መከፈቱም እንዲቀር እጠይቃለሁ፤ ወጣቱ ሥራ ላይ ያለው ያን ሰዓት ነውና።

ለአንባቢዬ የምነግረው እንግዲህ ይህን ነው። ልጃችሁን ለ45 ቀን ክትባት ስታመጡ እግረ መንገዳችሁን ስለ ራሳችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ ደማችሁ ይመርመር፤ ቫይረሱ ካለ ሐኪም ጋ ክትትል ትጀምራላችሁ፣ ክትባት አያስፈልጋችሁም። ከሌለ ትከተባላችሁ። ቁርስ በልታችሁ ኑ፤ መርፌ የምትፈሩ ከሆነ ንገሩን፣ አስተኝተን እንወጋችኋለን። ሦስት ጊዜ ነው፤ ዛሬ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከዚያ ደግሞ በስድስተኛው ወር። ሁለተኛውን ወስዶ ሦስተኛውን የሚረሳ ብዙ ነው፤ የስድስተኛውን ወር ቀን ከክፍሉ ሳትወጡ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።